አሥራ ሰባተኛዋ

እኛ አገር አሥራ ሦስት ማንንም አያስፈራም፤ እንዲያውም ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ፈልጎ ይመርጠዋል። ጠንቁ አሥራ ሰባት ነው። የሮካሳልዳ የብስክሌት ማኅበር ፕሬዚዳንት ጓልቲዬሮማ ቁጥሩን በአፉ አይጠራውም። ሐኪም ቤት በወሩ አሥራ ሰባት ቀን ቀጠሮ ቢሰጡት “ከአሥራ ስድስት ማግስት” ይልና ወዲያው ክፉው እንዲርቅለት ብረት ፈልጎ ይነካል። ብረት ካጣ የሱሪውን ዚፕ ይይዛል፤ ነርሶቹ ሌላ ነገር መስሏቸው ይደነግጣሉ።

እኔ ዴልፊና እባላለሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለችው ሱቅ የኔ ናት። የማኅበሩን ወንዶች ጭንቅላት አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ የውጩን ማለቴ ነው፣ የውስጡን ፈጣሪ ይወቀው። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፣ አንዳቸውም ውድድር አሸንፈው አያውቁም። ግን እሁድ ጠዋት ኒቬስ ቡና ቤት በር ላይ ሲሰበሰቡ ብታዩአቸው የሚዘምቱ ነው የሚመስላችሁ። ኦስቫልዶ ጎማው እስኪፈነዳ ድረስ ካልሲውን አያጥብም። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ እስከ ወይን ለቀማ ሳይፈነዳበት ቆየና፣ ሚስቱ ካልሲውን በእንጨት ይዛ ወደ በረንዳ አወጣችው። “ጎማ ፈነዳ” ማለት ራሱ ክልክል ነው፤ “እንግዳ መጣ” ነው የሚባለው። “መልካም መንገድ” ብሎ የሚመርቅ ሟርተኛ ይባላል። አዲሱ ቄስ ይህን ሳያውቁ አንድ እሁድ በር ላይ ቆመው ቢመርቋቸው፣ ግማሾቹ ብስክሌታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እንደ ብስክሌት ተወዳዳሪ እግራቸውን የሚላጩት ደግሞ ሐሙስ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጓልቲዬሮን ፀጉሩን እየቆረጥኩ ምክንያቱን ጠየቅኩት።

“ዓርብ ከተላጨህ እሁድ ትወድቃለህ፣” አለኝ።

“ሐሙስ ብትላጭስ?”

“ሐሙስማ ሐሙስ ነው። ይልቅ ጆሮዬን እንዳትቆርጪው።”

ባሌ አውሬሊዮ ከነሱ አንዱ ነበር። እየሳቀባቸውም ቢሆን አብሯቸው ብረት ይነካ ነበር። ከሞተ ሁለት ክረምት አለፈው። ሰኞ ማክሰኞው አልከበደኝም፤ ሱቅ አለ፣ ሰው አለ፣ ሐሜት አለ። እሁድ ጠዋት ግን ቤቱ ዝም ይላል። እሱ ጫማውን የሚጎትትበት፣ ለካቴናው ዘይት ፍለጋ ኩሽናዬን የሚያተራምስበት ሰዓት ነበራ። ያን ዝምታ አልቻልኩትም። ብስክሌት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ እነዳለሁ፤ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ ከአውሬሊዮ ጋር ስንወጣ ዳገት ላይ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሐዘኔን ስጨርስ ማልያዬን ለብሼ ኒቬስ ቡና ቤት በር ላይ ቆምኩ።

“ሞልቷል፣” አለኝ ጓልቲዬሮ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

በአውሬሊዮ ቦታ ሳሙኤሌን አስገብተዋል፣ የፋርማሲስቱን አማች። ጨዋ ልጅ ነው፤ ፍሬንና ካቴና ለይቶ አያውቅም እንጂ።

“አሥራ ስድስት ነን፣” አለ ጓልቲዬሮ። “አንቺ ከተጨመርሽ ደግሞ...” ብሎ አፉን ያዘ።

“አሥራ ሰባት እንሆናለን!” አልኩ ጮክ ብዬ።

አሥራ ስድስቱም ወደ ብረት ሮጡ። የኒቬስ ወንበሮች እንደዚያ ቀን ተዳሰው አያውቁም።

“አንዱን አስወጣዋ!” አልኩት። “ይኸው ሳሙኤሌ፣ ማልያው ላይ የዋጋው ወረቀት እንኳ ገና አልተነቀለም።”

“አንዴ የገባ አይወጣም፣ ዴልፊና። ሞት ካልለየው በቀር።”

ይህን ካለ በኋላ ማን ፊት እንደተናገረው ገባውና ቀላ።  ቤቴ ሄጄ ከነማልያዬ ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለባሌ አልነበረም ያን ቀን ያለቀስኩት፤ ለራሴ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ግን እንደገና ሄድኩ። ግትር ነሽ ይሉኛል፣ ነኝ። አንዱ ጉንፋን ይዞት ከቀረ ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ይሞላሉና አብሬ እነዳለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጉንፋን እንዲገባ ሻማ ያበራሁበት ቅዳሜ አለ። ሁሉም ከመጡ ደግሞ ከኋላ እከተላለሁ። “መንገዱ የአባትህ ርስት አይደለም” ስለው፣ ጓልቲዬሮ አሰበና “መቶ ሜትር ከራቅሽ ከኛ ጋር አይደለሽም” ብሎ ፈረደ። እንዲህ ሆኖ ዓመት አለፈ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም፤ ጓልቲዬሮ ሰዉን ሲቆጥር እኔንም እንዲቆጥረኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። ይህ ለሰው ሲነገር ትንሽ ነገር ነው። ለኔ ግን እሁድ ማለት እሱ ነበር።

ከፊቴ ሁልጊዜ የማየው የሬሚጆን ጀርባ ነው። ሬሚጆ የጓልቲዬሮ ታላቅ ወንድም ነው፣ አናጺ የነበረ፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ። ከሰልፉ መጨረሻ ሆኖ ቢጫ ጃኬቱን ለብሶ ይሄዳል፤ በየመታጠፊያው ዞር ብሎ አለሁ አለሁ ለማለት እጁን ያነሳልኛል። በመቶ ሜትር ርቀት ወዳጅ ሆንን ማለት ይቻላል።

የዘወትር መንገዳችን የቁራው ኮረብታ ነው። ጫፉ ላይ አሮጌ ጸሎት ቤት አለች፤ የብረት በሯ ማጠፊያው ላልቶ በእጅ ሲመቱት ጓ ይላል። ቁልቁለቱን ከመውረዱ በፊት እያንዳንዱ በተራው በሩን ይመታል፣ ጓልቲዬሮም መጀመሪያ ራሱ መትቶ፣ አጠገቡ ቆሞ ይቆጥራል። ሲቆጥር ዓይኑን ይጨፍናል። “እየታየ የሚቆጠር ከብት ነው፣ ሰው እየታየ ከተቆጠረ ይጎድላል” ይላል። ስለዚህ ድምፁን ነው የሚቆጥረው። አብሬያቸው የነዳሁበት እሁድ እንኳ ቢሆን፣ እስኪጨርስ ድረስ እኔ ከበታች፣ የከብት ማጠጫው ገንዳ ጋ ቆሜ እጠብቃለሁ።

የቅዱስ ማርቲን እሁድ ማንም አይቀርም። የማኅበሩ የዓመት ግብዣ ነው፤ ከኮረብታው ማዶ ያለው ምግብ ቤት ዝይ ጠብሶ፣ አዲሱን ወይን ከፍቶ ይጠብቃል። በዚያ ቀን ጉንፋን የሚባል በሽታ ከሮካሳልዳ ይጠፋል። ጠዋት በር ላይ አሥራ ስድስቱም ሞሉ። ጉሙ ከወንዙ ተነስቶ አደባባዩን ሸፍኖታል፤ ከኒቬስ በር ቆሜ የራሴ ሱቅ አይታየኝም።

“ጉም ነው ዛሬ፣” አለኝ ጓልቲዬሮ። “ብትቀሪስ?”

“ለኔ አዝነህ ነው ወይስ ለቁጥርህ?”

“ለሁለቱም።”

“ንዳ ወደዚያ!” አልኩት።

ሄዱ፤ ተከተልኩ። ዳገቱ ላይ ጉሙ ባሰ። የሬሚጆ ቢጫ ጃኬት ጠፋኝ። የፊት ጎማዬ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ ከፊት አልፎ አልፎ የኦስቫልዶ ሳቅ ይሰማል፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። ወደ ጫፉ ስንቃረብ ከላይ አንድ የጭነት መኪና መብራት ሳያበራ ቁልቁል መጣ። ክንዴን ለጥቂት ነው የሳተው። ንፋሱ ወደ ጠርዙ ገፋኝ፣ እንደምንም ቆምኩ፣ ከዚያ ሾፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት። አፌ ለቤተ ክርስቲያን ጎረቤት የሚሆን አፍ አልነበረም። እየተሳደብኩም ነዳሁ፤ ቆሜ መቅረቱ ነበር የሚያስፈራኝ። ገንዳው ጋ ደረስኩ። ለብቻዬ እዚያ መቆም አልፈለግኩም። ይበሉ ያሉትን ይበሉ ብዬ ወደ ድምፃቸው ወጣሁ።

ቆጠራው ተጀምሯል። በጉሙ ውስጥ የቆሙ ጥላዎች ናቸው የሚታዩኝ፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ጓልቲዬሮ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።

ጓ። “አሥራ አራት።” ጓ። “አሥራ አምስት።”

ከዚያ በሩ ዝም አለ። በሩ ከክንዴ አይርቅም። ከፊቴ ማንም የለም፣ ከኋላዬም ማንም አይገፋም። እጄን ሰደድኩና መታሁት። ለምን እንደመታሁት አትጠይቁኝ፤ ዓመት ሙሉ ስመኘው ነበር፣ አጠገቤ ሲሆን መታሁት።

“አሥራ ስድስት!” አለ ጓልቲዬሮ። “ተመስገን፣ ሙሉ ነን! በሉ ዝይው ይበርዳል!”

ሙሉ ነን ሲል ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ድረስ ሞቀኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። ከሥሩ ብረት ያለውን ጫማቸውን ፔዳል ላይ ሲያጣብቁ፣ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

“ቆዩ!” ብዬ ጮህኩ። “ማንም እንዳይወርድ!”

“ዴልፊና?” አለ ጓልቲዬሮ። “አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

“አሥራ ስድስተኛው እኔ ነኝ። በሩን የመታሁት እኔ ነኝ።”

“ወይ ጉዴ! ከኛ ጋር ተቆጠርሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ፣ በዚህ ጉም? እንግዲህ እኛ አሥራ ስድስት፣ ሲደመር አንቺ...”

“አንተ በቅሎ! ምን ይደመራል? እኔ ገብቼ አሥራ ስድስት ከሆነ ያለኔ ስንት ነው? አሥራ አምስት! አንድ ሰው የለም!”

“ሁለት ጊዜ መትተሽ ይሆናል፣” አለ ኦስቫልዶ።

“አንድ ጊዜ ነው።”

“ከኛ አንዱ ሳይመታ ቀርቶ ይሆናላ።”

“እኔ መትቻለሁ፣” አለ ሳሙኤሌ። “እኔም፣” አለ ሌላው። “እኔም።” ሁሉም መትቷል። ያን በር ሳይመታ የሚወርድ ሰው በሮካሳልዳ አልተወለደም።

ያኔ ጓልቲዬሮ ስም መጥራት ጀመረ። “ኦስቫልዶ!” “አለሁ።” “ሳሙኤሌ!” “አለሁ።” አንድ በአንድ እያለ ጠራና፣ “ሬሚጆ!” ሲል መልስ ጠፋ። “ሬሚጆ!” አለ እንደገና። ከዚያ ድምፁ ተለወጠና “ሬሚ?” አለ፣ በልጅነት ስሙ።

ብስክሌቴን አዙሬ ወረድኩ። ቁልቁለት ላይ ከነሱ ሁሉ እሻላለሁ፣ ይህን እነሱም አይክዱም። ከገንዳው በታች ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ውስጥ፣ አንድ ቸርኬ ወደ ላይ ተገትሮ አየሁ። ከሥሩ ሬሚጆ በጎኑ ተኝቷል። ከንፈሩ ነጥቷል፣ አንዱ እግሩ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። አጎንብሼ ፊቱን ያዝኩት።

“ዴልፊና፣” አለኝ በቀጭን ድምፅ። “ለሾፌሩ የተናገርሽው ሁሉ... ልክ ነው።”

አጠገቡ ነበር ያለፍኩት። እየተሳደብኩ፣ እንደ እብድ እየጮህኩ፣ በዚህችው ቦይ አጠገብ አልፌ ወጥቻለሁ። 

ጓልቲዬሮ በዚያ በሚያንሸራትት ጫማው እየተደነቃቀፈ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ አለበሰው፣ የኦስቫልዶን ነጠቀው፣ የሳሙኤሌንም ነጠቀው። የወንድሙን እጅ ይዞ እያሻሸ ይቆጣዋል። “ማን ውደቅ አለህ? እ? ማን ነው ወደ ጠርዝ ውጣ ያለህ?” ይላል፣ እንባው ደግሞ እየወረደ። አምቡላንሱ በጉሙ ምክንያት እየተጎተተ ነው የደረሰው። ባለሙያዋ ስትጭነው “በጣም በርዶታል፣ ከዚህ በላይ ቢቆይ ጥሩ አልነበረም” አለችን። ዝይውን የበላው ሰው አልነበረም።

የዳሌው አጥንት ተሰብሮ ነበር፣ ሁለት የጎን አጥንትም አብሮ። ቀዶ ጥገናው ደኅና ሆነ። ረቡዕ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ልጠይቀው ስሄድ፣ ጓልቲዬሮ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ገና ሳየው እንደታመመ ሰው ነው የገረጣው። እንደምን ዋልሽም አላለኝ።

“ያልኩት ደረሰ አይደል?” አለኝ። “ስለምን አለቅሳለሁ እዚያ በር ላይ በየእሁዱ? ያን ቁጥር ሆነን ወጣን፣ ሰው ተሰበረ!”

“እኔ ባልኖርስ?” አልኩት። ደሜ ፈላ። “ዝይህን ልትበላ ወርደህ ነበር እኮ!”

“አንቺ ባትኖሪማ አሥራ አምስት እቆጥር ነበር! ወዲያው አውቅ ነበር! ያንቺ እጅ ነው የሸፈነው!”

ይህ ነገር ገደለኝ። እውነት ነበራ። ከረቡዕ በፊት በነበሩት ሌሊቶች እኔም ይህንኑ ሳገላብጥ ነበር። 

“ልክ ነህ፣” አልኩት። “ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔንም ቆጥረህ ብትወጣ ኖሮ፣ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ትጠብቅ ነበር። አሥራ ስድስት ላይ አትቆምም ነበር። የሸፈነው እኔ መኖሬ አይደለም፣ እኔ እያለሁ የለችም ማለትህ ነው!”

“ሁለታችሁም ዝም በሉ፣” አለ ሬሚጆ ከአልጋው። “የተሰበርኩት እኔ ነኝ። ብርቱካኑን አምጣው።”

ጓልቲዬሮ ሰጠው። ሬሚጆ አንዱን ፍሬ አኘከ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ።

“በሩን ሰምቼው ነበር፣” አለ። “ከቦይው ውስጥ ሆኜ። መጮኽ አቃተኝ፣ ትንፋሼ አልመጣ አለ። በሩ ግን ይሰማል። ጓ ባለ ቁጥር አብሬህ ቆጠርኩ፣ ጓልቲዬሮ። አሥራ አምስት ላይ ሲቆም ደስ አለኝ። አሁን ወንድሜ ያውቃል፣ አሁን ‘ሬሚጆ የት አለ’ ይላል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንድ ጨመረ። አሥራ ስድስት። እንግዲህ ሞቻለሁ ማለት ነው አልኩ፤ ነፍሴ ወጥታ በሩን መታች አልኩ።”

 ጓልቲዬሮ የብርቱካኑን ልጣጭ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

“ሰባ ዓመት ወንድምህ ነኝ፣” አለ ሬሚጆ። ቁጣ የለበትም ድምፁ፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። “አንድ ጊዜ ዓይንህን ብትገልጥ ምን ነበረበት?”

ጓልቲዬሮ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ሌላ ጊዜ ብከራከረው እወድ ነበር፤ ያን ቀን ግን አሳዘነኝ።

ቅዳሜ ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል መጣ። ፀጉሩ አላደገም፤ የቆረጥኩት በቅርቡ ነው። ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ፎጣ አለበስኩት።

“ሬሚጆ እስከ ፀደይ አይነዳም፣” አለኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። “በሱ ቦታ ግቢ። አሥራ ስድስት ይሞላል። ማንም ምንም አይልም።”

መቀሱን አስቀመጥኩት። ዓመት ሙሉ የለመንኩትን ነው የሚሰጠኝ፣ ግን ምላሴ ላይ መረረኝ።

“በተሰበረ ሰው ቦታ አልገባም፣” አልኩት። “ሲድን ደግሞ ውጪ ልትለኝ? የተውሶ ወንበር ነኝ እኔ?”

“እና ምን ላድርግ?”

“እሱንም ቁጠረው፣ እኔንም ቁጠረኝ። ካልሆነ ተወው፣ መቶ ሜትሬን ለምጄዋለሁ።”

“አንቺ ቀልድ ይመስልሻል፣” አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ቁጥሩን የሚጠራው ሰው ነው የሚወድቀው፣ ዴልፊና። አባቴ እንዲህ ብሎ ነው ያሳደገን። ሌላው አይደለም የሚወድቀው፣ የጠራው ነው። ሰባ ሊሞላኝ ነው። እፈራለሁ።”

በሕይወቴ ይህን ሰው እፈራለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም።  የአንገቱን ፀጉር በብሩሽ አራገፍኩለት፣ ምንም ፀጉር ሳይኖር፣ ተነስቶም ሄደ።

እሁድ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ኒቬስ በር ላይ አሥራ አምስቱ ቆመዋል። እኔ ብስክሌቴን ይዤ ከአደባባዩ ማዶ፣ ሱቄ ግድግዳ ጋ ቆምኩ። ጓልቲዬሮ ወደ መሃል ገባ። ዓይኑን አልጨፈነም። ሁሉም ይህን አይተው ተያዩ፤ ኦስቫልዶ “ምን ሆነ ሰውዬው?” ሲል ይሰማኛል። ጓልቲዬሮ እያንዳንዱን ፊት ለፊት እያየ፣ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። ራሱን አሥራ አምስተኛ አደረገ።

“አሥራ ስድስት፣ ሬሚጆ፣” አለ ከዚያ።

“ሬሚጆማ ሆስፒታል ነው፣” አለ ሳሙኤሌ።

“የት እንዳለ አውቃለሁ። አሥራ ስድስት፣ ሬሚጆ።”

ከዚያ ዞሮ በአደባባዩ ማዶ እኔን አየኝ። ጣቱን አነሳ። አፉ ተከፈተና ምንም አልወጣውም።  ተወው፣ ይቅር ልለው ነበር፤ ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ማየት አልችልም። ግን አላልኩም። ፈልጌው ነበር፣ በጣም ፈልጌው ነበር።

“አሥራ ሰባት፣” አለ ጓልቲዬሮ። “ዴልፊና።”

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ኒቬስ ጨርቋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። እኔ “አለሁ” አልኩ፤ ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። ብስክሌቴን እየገፋሁ አደባባዩን ተሻገርኩና በመሃላቸው ገባሁ። ኦስቫልዶ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።

የቁራውን ኮረብታ ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ ጓልቲዬሮ ከፊት ሆኖ መራ። ሁለቱንም ፍሬን ጨብጦ፣ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጥቶ፣ በየመታጠፊያው መውደቂያውን እየጠበቀ ነው የወረደው። ከኋላው እነ ኦስቫልዶ “ንዳ እንጂ!” እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔ ልክ ከጎማው ኋላ ነበርኩ። እስከ ታች ድረስ ላልፈው እችል ነበር፤ አላለፍኩትም።